እናት ቢውላ ያጨበጨቡበት ሸክላ

ይህን ታሪክ በጀመርኩ ቁጥር ብሮንክስ ውስጥ ግማሹ ሰው "ኮርኔል ደግሞ ጀመረው" ይላል። ይበል። ሌላው ግማሽ በቦታው ስለነበረ ዝም ብሎ ያዳምጣል። እኔ የተማርኩት እስከ ዘጠነኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤቱ እኔን ፈርቶ በሩን ዘጋ። ቃል ከሳትኩ ይቅር በሉኝ እንጂ ነገሩ እውነት ነው። የማያምን ሰው ሸክላውን ያውጣና በገዛ ጆሮው ይስማ። ከከበሮው ጀርባ አንዲት የዘጠና አንድ ዓመት አሮጊት ከሰው ሁሉ ዘግይተው ሲያጨበጭቡ ይሰማል።

ነገሩ የሎኒ ነው። ሎኒ ጋስኪንስ ከእኔ ጋር በአንድ ሕንፃ ያደገ፣ አራተኛ ፎቅ ከእናቱ ጋር የሚኖር፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጆሮው ግን የሌሊት ወፍ ጆሮ የሆነ ልጅ ነው። ሥራው አሮጌ ሸክላ ከየምድር ቤቱ መልቀም ነው። ከዚያ ዘፋኙም ጥሩንባውም ዝም ብለው ከበሮው ብቻውን የሚቀርባትን ቦታ እስኪያገኝ መርፌውን ያንከራትታል። ያቺን ቦታ ሳምፕለር የሚባለውን ማሽን ያጎርሰዋል፤ ማሽኑም እሷኑ መልሶ መላልሶ ይመታል። ከሌላ ሸክላ ቤዝ፣ ከሌላው ጥሩንባ ይጨምርበታል፤ አዲስ ዘፈን ይወጣል። ከሦስት የሞቱ ዶሮዎች አንድ የሚጮህ አውራ ዶሮ እንደ መሥራት ቁጠሩት።

ያን ዓመት ሰኔ ላይ ሎኒ አንድ ከበሮ አገኘ። የት እንዳገኘው ለእኔም አልነገረኝም፤ እኔም ምላሴን ስለማውቀው አልጠየቅኩም። መናፈሻው ውስጥ ድምፅ ማጉያዎቹን ደርድረን፣ ኤሌክትሪኩን ከመንገድ መብራት ምሰሶ ስበን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ አሰማት። ዱም፣ ዱዱም፣ ቻክ! ምሰሶው ላይ ተቀምጣ የነበረች እርግብ እንቁላሏን አየር ላይ ጣለች። ሙቀቱም ሙቀት ነበርና እንቁላሉ መሬት እስኪደርስ ተቀቀለ። የበላውን ሰውዬ አውቀዋለሁ።

እዚህ ላይ ሕጋችንን ማወቅ አለባችሁ። እኛ ሰፈር የተጻፈ ሕግ ብዙም አይከበርም፤ ያልተጻፈው ግን ብረት ነው። አንድን ከበሮ ቀድሞ በሸክላ ያወጣ ሰው ባለቤቱ ነው። ከእሱ በኋላ የነካው ሌባ ነው፤ ስሙ ይጠፋል፤ መናፈሻ ውስጥ ማሽኑን ቢዘረጋ ሕፃናት ሳይቀሩ ጀርባ ይሰጡታል። ቀድሞ ያገኘ አልወጣኝም፤ ቀድሞ ያወጣ ነው ያልኩት።

ሩዴል ይህን ሕግ በልቡ ያውቃል። ሩዴል ከሀዲዱ ማዶ ያለ ሰፈር ዲጄ ነው፤ አንገቱ ረጅም፣ ምላሱ ከአንገቱ የረዘመ፣ ቀኝ እጁ ላይ በአራት ጣት የሚጠለቅ ወርቅ ቅብ ቀለበት ያለው። ያን ቀን ሎኒ ጋ ተጠግቶ አንገቱን እንደ ሰጎን አሰገገና የሸክላዋን ወረቀት ሊያነብ ሞከረ።

"ምን ታያለህ?" አልኩት።

"ሰዓት።"

"ሸክላ ላይ?"

"ስትዞር ሰዓት ትመስላለች። ምን አገባህ አንተ?"

ስለዚህ ሎኒ "የሸክላዎቹን ወረቀት አንሳልኝ" አለኝ። ይህም የሙያው ደንብ ነው፤ ማንም ስም እንዳያነብ መሃል ያለችው ክብ ወረቀት በሞቀ ውሃ ተነክራ ትላጣለች። እሱ አንሳ ብቻ ነው ያለኝ። እኔ ግን የሎኒ እናት፣ ሚስ ኦርሊን፣ አልጋ ሥር የሬቨረንድ ሃጊንስ ስብከት የተቀዳባቸው ሸክላዎች እንዳሉ አውቃለሁ። የእነሱንም ወረቀት ላጥኩና በእኛ ሸክላዎች ላይ አሳምሬ ለጠፍኩት። ያቺ የእሳት ከበሮ "ዝም ብላችሁ ስሙ፦ የሬቨረንድ ዊላርድ ሃጊንስ ስብከት፣ ክፍል አንድ" የሚል ወረቀት ደረሳት። ሎኒ ሲያይ ራሱን ያዘ፤ ኋላ ግን ሳቀ። ቢቆጣኝ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር፤ ስለዚህ ግማሹ ጥፋት የእሱ ነው።

በሚቀጥለው ጭፈራ ሩዴል እንደ ልማዱ አንገቱን አሰገገ፤ አነበበ፤ ዓይኑ ፈጠጠ። ሰኞ ዕለት ሬቨረንዱ የሚሰብኩበት ቤተ ክርስቲያን ጓዳ ሄዶ የሬቨረንዱን ስብከት አሥራ አንዱንም ሸክላ ገዛ። አሥራ አንዱንም ከዳር እስከ ዳር ከበሮ ፍለጋ አዳመጠ። ምስክር አለኝ፤ ወንድሙ እያለቀሰ ነው የነገረኝ። በስድስተኛው ሸክላ ሩዴል መሳደብ ተወ። በዘጠነኛው ለእናቱ ዕቃ አጠበላት። አሥራ አንደኛው ሲያልቅ ከረባት ገዛ።

እንግዲህ ወደ ቅዳሜው ልምጣ።

መሃል ከተማ ሚስተር ሎወንታል የሚባሉ ሸክላ ቀራጭ ነበሩ። ድምፁን ከማሽን ተቀብለው ለስላሳ ጥቁር ሳህን ላይ በስለት የሚቀርጹት እሳቸው ናቸው፤ ከእሳቸው ሳህን ነው ፋብሪካው ሺውን የሚያትመው። እጃቸው የተባረከ ነበር። ያ ነሐሴ ግን ማሽናቸውን ሸጠው፣ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ፍሎሪዳ ልጃቸው ጋ ሊገቡ ነው። የመጨረሻዋ ቅዳሜ ላይ ሁለት የአንድ አንድ ሰዓት ተራ ቀራቸው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ያለችውን ሎኒ ያዛት። አሥራ አንድ ላይ ያለችውን ማን ያዛት? ሩዴል።

አሥር ሰዓት ላይ ከበሮዋ ካልተቀረጸች ሎኒ ሸክላ የለውም። ሩዴል ሊያገኛት ደግሞ አንድ ስንዝር ቀርቶታል።

ታዲያ ለምን ቀደም ብሎ አልቀዳትም ትሉኛላችሁ። ቀድቷታል! በየምሽቱ ይቀዳታል፤ በየጠዋቱ ያጠፋታል። አይጥመውም። ሎኒ ድምፅን የሚያየው እንደ እኛ ሕንፃ ነው። ምድር ቤት ቤዙ አለ፣ እንደ ቦይለር የሚያጉረመርመው። መሃለኛው ፎቆች ላይ ዘፋኙ፣ ጊታሩ፣ የሚጣላው ባልና ሚስት አሉ። ጣሪያው ላይ ደግሞ ቀጭኑ ጸናጽል፣ ቺቺቺ የሚለው። ኢኳላይዘር ማለት የየፎቁ መብራት ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ አንዱን ፎቅ ታበራለህ፣ ሌላውን ታደበዝዛለህ። ቤዙን ለብቻው ለማውጣት ሎኒ ያንዱን ሸክላ ላይኛውን ፎቅ ሁሉ አጥፍቶት ነበር፤ የቀረው ድምፅ በግድግዳ በኩል እንደሚሰማ የጎረቤት ድግስ ነው። ያን ወደደው፤ ሳምፕለሩ ውስጥ አስቀመጠው። ከበሮው ላይ ግን "ትንሽ ደረቅ ነው"፣ "ትንሽ ወፈረ" እያለ ሲያዞር ሲያዞር ሰነበተ። ሳምፕለሩ ደግሞ ከእኔ የባሰ ነው፤ ከአሥር ሰከንድ በላይ አያስታውስም። ሦስቱን ቤዙ በልቶታል፤ ለከበሮው የቀረው ሰባት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ "አሁን ገባኝ፣ መሃሉን ትንሽ መቀነስ ነበረብኝ" አለና የማታውን አጠፋት። ቀጥሎ እጁን ወደ ሸክላው ሳጥን ሰደደ።

"ኮርኔል።"

"አቤት።"

"ሸክላዋ የት አለች?"

"ሳጥን ውስጥ።"

"ሳጥን ውስጥ የለችም።"

"እንግዲያው የጠፋው ሳጥኑ ነዋ።"

"ኮርኔል፣ አሁን ብትቀልድ በመስኮት ነው የምወረውርህ።"

"አራተኛ ፎቅ ነው እኮ!"

"ለእሱ ብዬ ነው።"

ፍሪጁ ላይ የእናቱ ጽሑፍ ተለጥፎ አገኘን። "ልጄ ሎኒ፣ የሬቨረንዱን ስብከት በድብቅ እንደምትሰማ አላወቅኩም ነበር። ሳጥንህ ውስጥ ሳየው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ዛሬ ሬቨረንዱ ያገለገሉበት ሠላሳኛ ዓመት ይከበራል፤ ሸክላዋን በስምህ ስጦታ አድርጌ ወስጃታለሁ። ሕዝቡ ሁሉ ይሰማታል። ኮርኔልንም ይዘኸው ና፣ እሱን ይበልጥ ይጠቅመዋል።"

ሎኒ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ እኔን አየኝ። እኔ ፍሪጁን አየሁ።

ሳምፕለሩን በእህቴ ልጅ ጋሪ ውስጥ አስተኝተን፣ ብርድ ልብስ አልብሰን፣ በፕሮስፔክት ጎዳና ቁልቁል ሮጥን። አንዲት ሴትዮ "ቀስ በሉ፣ ሕፃኑን ትገለብጡታላችሁ!" ብላ ጮኸች። "ሕፃኑ አሥር ሰከንድ ብቻ ነው የሚያስታውሰው፣ አይቀየመንም!" አልኳት። ዞር ስል እያማተበች ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ምድር ቤት ነው። ስንገባ መቶ ሃያ ሰው ባርኔጣውን አድርጎ ተቀምጧል፤ የተጠበሰው ዶሮ፣ ማካሮኒው፣ የኮክ ኬኩ ተደርድሯል። ሬቨረንድ ሃጊንስ እንደ ሙሽራ መሃል ናቸው። ፊት ለፊታቸው የክብር ወንበር ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ እናት፣ እናት ቢውላ፣ በነጭ ጓንት። መጨረሻው ረድፍ ላይ በከረባት ማን ተቀምጧል? ሩዴል! ሳህኑ ላይ ሦስት እግር ዶሮ ይዞ።

ሚስ ኦርሊን ማይክሮፎኑ ጋ ቆመዋል። "...ልጄ ሎኒ ለሬቨረንዳችን ያበረከተው ነው። ከሃያ ዓመት በፊት የተቀዳ ስብከታቸው። እባካችሁ እንደ ርዕሱ ዝም ብላችሁ ስሙ።"

"እማዬ፣ ቆይ!" አለ ሎኒ። ሚስ ኦርሊን ግን ልጃቸውን አይተው በእንባ ፈገግ አሉና መርፌዋን አስቀመጧት። እንዳትዘል መርፌዋ ጫፍ ላይ ሳንቲም ለጥፈውባታል፣ የድሮ ሰው ናቸው።

ሽሽሽ አለች። ከዚያ ኦርጋን። ከዚያ ሳክስፎን፣ እንዲያ ያለ ባለጌ ሳክስፎን። ከዚያ አንድ ሰውዬ "ኧኸ!" አለ፤ ሬቨረንዱ እንዳልሆኑ ግልጽ ነበር። ባርኔጣ ሁሉ ዞረ። ሬቨረንዱ የዶሮውን ክንፍ እንደ ያዙ ቀሩ። ሚስ ኦርሊን መርፌዋን ሊያነሱ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ሁሉም ነገር ዝም አለና ከበሮዋ ብቻዋን መጣች።

ዱም፣ ዱዱም፣ ቻክ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ዱዱም፣ ቻክ። ከክብር ወንበሩ በነጭ ጓንት የተሸፈኑ ሁለት እጆች ቀስ ብለው ወጡ። ጷ። እናት ቢውላ አጨበጨቡ፣ ትንሽ ዘግይተው። ጷ። እናት ቢውላ ካጨበጨቡ በዚያ ቤት ውስጥ የማያጨበጭብ የለም፤ ፕሬዚዳንቱ ቢመጣ ያጨበጭባል። ከዚያ መዘምራኑ፣ ከዚያ ወጥ ቤቱ፣ ከዚያ አዳራሹ!

ከበሮዋ አለቀች፤ ሎኒ ዘሎ መርፌዋን አነሳት። 

"ማነው ይሄ ሰባኪ?" አሉ እናት ቢውላ። "ቃሉ ጥቂት ነው፣ ግን ይገባል።"

ሚስ ኦርሊን ወደ እኔ ዞሩ። ማን እንዳደረገው ማንም አልነገራቸውም፤ ፊቴ ይናገራል።

"አንተ ኮርኔል!"

"አቤት ሚስ ኦርሊን።"

"አንተ የተረገምክ! እናትህ ምን በደለችህ? ለሬቨረንዱ ምን ልበላቸው? ሕዝብ ፊት ስጦታ ብዬ!"

"እማዬ፣ ተቆጪኝ፣ ምቺኝ" አለ ሎኒ፣ "ብቻ ሸክላዋን ስጪኝ። አሥር ሰዓት ላይ መቀረጽ አለባት። ዛሬ ካልሆነ ሰውዬው ይዘጋሉ፤ ሌላ ሰው ይወስድብኛል።" ሲል ዓይኑ ወደ መጨረሻው ረድፍ ሄደ። ሩዴል ዶሮውን አስቀምጦ ቆሟል። ፈገግታው ከጆሮ እስከ ጆሮ ነው።

"ስጦታ አይመለስም" አሉ ሚስ ኦርሊን። "በስምህ ሰጠሁ፣ ሰጠሁ። ሸክላዋ የሬቨረንዱ ናት፤ ከዚህ በር አትወጣም።"

"እውነት ነው፣ አትወጣም" አለ ሩዴል ከኋላ። "ሰኞ ግን ሬቨረንዱ ያውሱኛል፣ አይደል ሬቨረንድ? የእርስዎ ስብከት አሥራ አንዱም አለኝ። ይቺ ብቻ ናት የጎደለችኝ።"

"የገዛኸው አንተ ነህ?" አሉ ሬቨረንዱ፣ ልባቸው ተነክቶ። አየሁ፣ ሊሰጡት ነው!

ያኔ ነው ሎኒ ጋሪውን የገለጠው። "ሬቨረንድ፣ ሸክላዋን አልወስድም። እዚሁ፣ እርስዎ እያዩ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ላጫውታት። ሰባት ሰከንድ።"

ሬቨረንዱ ሕዝቡን አዩ። ከዚያ ክንፉን አስቀመጡ። "በሠላሳ ዓመት ስብከቴ ይህን ያህል ሰው አንድ ላይ ነቅቶ አይቼ አላውቅም" አሉ። "አንድ ጊዜ ብቻ።"

ጥግ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ሚክሰር አለች፤ ስምንት ረድፍ ያላት፣ የማይኩም የኦርጋኑም የሸክላውም ድምፅ ገብቶ የሚደባለቅባት። ሎኒ ሽቦውን ሰክቶ ሳምፕለሩ ፊት ተንበረከከ።

"ኮርኔል፣ አምስተኛው ረድፍ የሸክላው ግራ ነው፤ ስድስተኛው ቀኙ። በዚያ ዘመን ከበሮውን ግራ፣ ኦርጋኑንና ሳክስፎኑን ቀኝ ነበር የሚያስቀምጡት። ስድስትን ዝጋው።"

ዘጋሁት።

"አምስት ላይ መሃሉን ሁለት ነጥብ ቀንስ። ቤዙን አንድ ጨምር፣ ከአንድ አታሳልፍ። ላዩን ትንሽ ዝቅ፣ ሽሽታው ይጥፋ። ሌላ ምንም እንዳትነካ!"

ምንም አልነካሁም። ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው።

ሎኒ ደግሞ የሸክላ ማጫወቻውን ማዞሪያ ወደ ፈጣኑ ፍጥነት አዞረው። ይህም ዘዴ ነው፤ ሸክላዋ ፈጥና ስትዞር ከበሮው ትንሽ ቦታ ይይዛል፤ ኋላ ሳምፕለሩ ውስጥ መልሰህ ታዘገየዋለህ። ከዘጠኝ ሰከንድ በላይ የሚሆነው ከበሮ ሰባት ውስጥ ይገባል። መርፌዋ ወረደች። ዱም-ዱዱም-ቻክ! በሩጫ! ሕዝቡ ይህን የጠበቀ ይመስል ተነሣ፤ በሩጫ አጨበጨበ፤ ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ የኮክ ኬኩ ከጠረጴዛው ወርዶ በራሱ እግር ሁለት እርምጃ ሄደ። ሩዴል ራሱ፣ በዓይኔ በብረቱ፣ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ያጨበጭብ ነበር። ሎኒ ቁልፏን ተጫነ። ሰባት ሰከንድ።

"ያዝኳት!" አለ።

ባቡሩ ውስጥ እኛ በዚህ ጫፍ ከጋሪያችን ጋር፣ ሩዴል በዚያ ጫፍ ከቦርሳው ጋር። መቶ አርባ ዘጠነኛው መንገድ ስንደርስ መጣ።

"ሎኒ፣ ወንድሜ፣ ስሟን ንገረኝና እንታረቅ።"

"ዝም ብላችሁ ስሙ፣ ክፍል አንድ" አልኩት እኔ።

"አንተን ማን ጠየቀህ፣ ቀበሮ? ልጅህን አስተኛ።"

ሚስተር ሎወንታል ክፍል ስንገባ አሥር ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። ሽማግሌው በነጭ ጋዋን ማሽናቸው ላይ ጎንበስ ብለዋል፤ ሩዴል ተራውን ለመጠበቅ ጥግ ያለው ወንበር ላይ ተዘረጋ። ሎኒ ሳምፕለሩን ሰካ፤ ከበሮዋን አዘገያትና ወደ ቦታዋ መለሳት፤ ቁልፏን ተጫነ።

ዱም፣ ዱዱም፣ ቻጷጷክ።

"ምንድን ነው እሱ?" አሉ ሚስተር ሎወንታል።

ሎኒ ደግሞ ተጫነ። ዱም፣ ዱዱም፣ ቻጷጷክ። ከዚያ እኔን አየኝ።

"ሦስተኛው ረድፍ" አለ።

ሦስተኛው ረድፍ የእናቱ ማይክሮፎን ነው። ክፍት ነበር። "ሌላ ምንም እንዳትነካ ብለኸኛል" አልኩት፤ ድምፄ እንደ አይጥ ቀጠነ። መቶ ሃያ ሰው ከነጭብጨባው ከበሮዋ ውስጥ ገብቷል። አዳራሹ ራሱ በጭብጨባ ተሞልቶ ስለነበር ሎኒ ጆሮ ማዳመጫ አድርጎም አልለየውም።

ሩዴል ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። "ጭብጨባ ቀዳህ! ንጹሕ ከበሮ ይቀዳል ስል፣ ጎበዙ ሎኒ የእናቶች ማኅበርን ቀዳ! ሚስተር ሎወንታል፣ የእሱን ሰዓት ለእኔ ይስጡኝ፣ ሰውዬው አልቆለታል።"

ሎኒ የሽማግሌው ኢኳላይዘር ላይ ጣቱን አሳረፈ። ላይኛውን ፎቅ አጠፋ፦ ጭብጨባው ደበዘዘ፣ ጸናጽሉ ግን ሞተ። መለሰው። መሃሉን አጠፋ፦ ጭብጨባው ሄደ፣ "ቻክ" የምትለዋም አብራ ሄደች፤ የቀረው ከበሮ እንደ እርጥብ ካርቶን ሆነ። መለሰው። ሃያ ደቂቃ ሄደ። ላብ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል።

"ልጄ" አሉ ሚስተር ሎወንታል፣ "ጭብጨባውና ከበሮው አንድ ክፍል ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። አንዱን ልታስወጣ ቤቱን ብታቃጥል ሁለቱም ይሞታሉ።"

ሎኒ እጁን አነሣ። ፊቱ ባዶ ሆነ። መጸጸት እንደዚህ እንደሚያሳክክ አላውቅም ነበር። ማሽኑ ግን አልቆመም፤ ከበሮዋ መልሳ መላልሳ ትመታለች። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ዙር ሎኒ አንገቱን እንደ ወፍ ዘመም አደረገ።

"ኮርኔል፣ ጭብጨባው ለምን ይወፍራል?"

"እኔ እንጃ። ብዙ ዶሮ በልተዋል።"

"ፈጥነው አጨበጨቡ፤ እኔ አዘገየኋቸው!" ዓይኑ በራ። "ሲዘገዩ ወፈሩ። ስማ! ሰው አይመስሉም፣ ግዙፍ ናቸው! ጎልያድ ከነወንድሞቹ የሚያጨበጭብ ይመስላል!"

ከዚያ ሲያጠፋው የነበረውን ሁሉ ወደ ሌላው አቅጣጫ አዞረው። መሃሉን አነሣ፣ አነሣ፣ አነሣ። ቤዙን ከሥር አስገባ፣ ያን የጎረቤት ድግስ የመሰለውን። ላዩን ትንሽ ከፈተ። ዱም፣ ዱዱም፣ ጷጷጷክ! መስኮቱ ተንቀጫቀጨ። ሚስተር ሎወንታል በሰባ ሁለት ዓመታቸው በአንድ እግራቸው ዞሩ። ይህን አልዋሸሁም፤ የተቀረውን ከዋሸሁ እንኳ ይህን አልዋሸሁም።

መጀመሪያ የተቀረጸው ሳህን ግን ተበላሸ። ሎኒ በደስታ ቤዙን አብዝቶ ነበርና፣ መልሰው ሲያጫውቱት መርፌዋ ከመንገዷ ዘላ ጎረቤት መንገድ ገባች።

"ቤዝ ሰካራም ነው፤ ካልያዝከው መንገዱን ሁሉ ይይዛል" አሉ ሚስተር ሎወንታል። "ዝቅ አድርገህ መሃል ላይ አቁመው፤ የሚሰማው ሰው ቤቱ ገብቶ ያንሣው። ግን ሌላ ሳህን ለመቅረጽ ሃያ ደቂቃ ያስፈልጋል።" የግድግዳውን ሰዓት አዩ። አሥራ አንድ ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። "ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የዚህ ጎልማሳ ነው።"

ሁላችንም ወደ ሩዴል ዞርን። ሩዴል ግን እኛን አያይም። ድምፅ ማጉያው ላይ ጆሮውን ለጥፏል።

"ያቺን ደግማት" አለ።

ሎኒ ደገማት።

"ከላይ፣ ከላይ... ላዩን ክፈትልኝ።"

ሎኒ ላዩን ከፈተ። ከጭብጨባው መሃል፣ ልክ በምቱ ላይ፣ አንዲት የብረት ድምፅ ትሰማለች። ጷ-ቅጭል። ጷ-ቅጭል። ሩዴል ቀኝ እጁን አነሣ፤ ባለ አራት ጣቱን ቀለበት አየው፤ እጆቹን አጋጨ። ቅጭል።

"እኔ ነኝ" አለ።

"ነህ" አለ ሎኒ።

"ሸክላው ላይ አለሁ!"

"አለህ። አሁን ዘግቼ ልወጣ ነው፣ ሰዓቱ ያንተ ነው።"

"ምን ዘግቼ?" ብሎ ጮኸ ሩዴል፣ ከአሥራ አንዱ ስብከት በፊት በነበረው አንደበቱ። "እኔ ያለሁበትን ሸክላ እንዲህ በሰካራም ቤዝ ልታወጣው ነው? ሰፈሬ ምን ይለኛል? ሚስተር ሎወንታል፣ ሃያ ደቂቃ ከእኔ ይቁረጡ። ሠላሳ! ሎኒ፣ ቤዙን ዝቅ አድርገው አንተ ደንቆሮ! ቀለበቷ ግን ትሰማ!"

ዝቅ አደረገው። ስለቱ ጥቁሩ ሳህን ላይ ወረደ፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ፍቅፋቂ እየተጠማዘዘ ከመሃሉ ይነሣል፤ ሦስታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ቆምን። ሩዴል ከረባቱን ነክሷል። በዚህኛው መርፌዋ አልዘለለችም።

መስከረም ላይ ሸክላው ወጣ። ያቺን ከበሮ ከዚያ ወዲያ ማንም አልነካትም፤ ጭብጨባውን የሰማ ሁሉ የማን እንደሆነች ያውቃል። መጀመሪያ የገዛት ሩዴል ነው፤ አራት ገዛ። በየመናፈሻው የሰው ትከሻ ይዞ "ስማ፣ አሁን... ቅጭል! ሰማህ? እኔ ነኝ!" ይላል። ሬቨረንዱ አንዷን ከስብከቶቻቸው ጋር አስቀመጡ። ሚስ ኦርሊን ለአንድ ወር አላናገሩኝም፤ ኋላ ግን የኮክ ኬክ ላኩልኝ፣ በእግሩ ሳይሆን በሎኒ እጅ።

እናት ቢውላ ሸክላዋ ስትጫወትላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ ሎኒን ጠሩት።

"ጥሩ ነው ልጄ። ብቻ አንዷ ሴትዮ ትዘገያለች።"

"እርስዎ ነዎት፣ እናት ቢውላ።"

"እኔ?" አሉ፣ ጓንታቸውን እያስተካከሉ። "እኔ በሰዓቴ ነኝ። የቸኮላችሁት እናንተ ናችሁ።"